የጥንት ፍሉት እንጀራ ያበላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የመንዝ ልጅ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ ተወልዶ አሁን ደብረ ብርሃን ይኖራል። ዋሽንት የለመደው በግ ሲጠብቅ፣ ከአንድ ሽማግሌ እግር ስር ቁጭ ብሎ ነው። በሠርግ ወራት ይጠራል፤ በሌላው ጊዜ ቅዳሜ ማታ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ ይሠራል። ሰሞኑን ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ የጥንት የእንጨት ፍሉት ሲጫወት አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። «ጋሼ፣ ሰውየው የሚኖረው በዚህ ብቻ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ዋሽንቴን ትቼ ይሄን ብማር ያዋጣኛል? አጎቴ በሬ ሽጬ መሣሪያውን ልግዛልህ ብሎኛል» ይላል። ሲጫወት የቀዳውንም ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ በሬው ለጊዜው አይሸጥ። ሌላውን ቀስ ብለን እንየው።

ያየኸው መሣሪያ ትራቨርሶ ይባላል። ወደ ጎን ተይዞ የሚነፋ፣ ስድስት የጣት ቀዳዳና አንዲት ቁልፍ ያለው የእንጨት ፍሉት ነው። ከሱ በፊት የነበረው የአውሮፓ ፍሉት ላንተ ዋሽንት ይበልጥ ይቀርባል፤ ወጥ ቱቦ፣ ስድስት ቀዳዳ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የፈረንሳይ ሠሪዎች ቱቦውን ቆራርጠው በመጋጠሚያ አያያዙት። ውስጡን ወደ ጫፉ እየጠበበ እንዲሄድ አደረጉት። ለቀኝ እጅ ትንሿ ጣት አንድ ቁልፍ ጨመሩ። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው የኦተቴር ቤተሰብ ነው። ከነሱ አንዱ፣ ዣክ ማርቲን ኦተቴር፣ በ1707 የአጨዋወት መማሪያ አሳተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ።) ከዚያ በኋላ ቁልፉ እየበዛ ሄደ። በ1847 ቴዎባልድ ቦም የሚባል ጀርመናዊ የዛሬውን የብረት ፍሉት መልክ አወጣ፣ የእንጨቱም ቀስ በቀስ ቁም ሳጥንና ሙዚየም ገባ።

ታዲያ ምን አስነሳው? ጀርመናዊው አቀናባሪ ባህና የዘመኑ ሰዎች የጻፉት ለዚህ መሣሪያ ስለሆነ ነው። አንድ ቁልፍ ባላት ፍሉት ላይ ሁሉም ድምፅ እኩል አይወጣም። ሬ ሜጀር በሚባለው የፈረንጅ ቅኝት ስትጫወት ጥርት ብሎ ይወጣል። ፋ ማይነር ስትገባ ግን ጣቶችህን እያፈራረቅክ መዝጋት ስላለብህ ድምፁ ይታፈናል፣ ይጋረዳል። የብረቱ ፍሉት ይህን ልዩነት ደምስሶታል። አቀናባሪዎቹ ግን ልዩነቱን አውቀው ነበር የሚጽፉት። አንተም ነገሩን በጣትህ ታውቀዋለህ። ዋሽንት ላይ አንድ ቀዳዳ በግማሽ ከፍተህ የምታወጣው ድምፅና ሙሉውን ከፍተህ የምታወጣው አንድ ዓይነት ነው? በጭራሽ። ያ ልዩነት ዜማው ውስጥ ሥራ አለው። ሁሉንም እኩል አድርገህ ብታወጣው የሆነ ነገር ይጎድላል።

ይሄን የተረዱ ሙዚቀኞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አሮጌዎቹን መሣሪያዎች ካሉበት አወጧቸው። ቤልጅጋዊው ባርቶልድ ኩይከን አስተማሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አንድ እውነተኛ የጥንት ፍሉት እጁ ገባ፣ የጥንት መማሪያዎችን አነበበ፣ ከሁለቱ ተማረ። ሆላንዳዊው ፍራንስ ብሩገን በ1981 የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ሙዚቃ በዘመኑ መሣሪያ የሚጫወት ኦርኬስትራ አቋቋመ። ዛሬ ሙያው በወጉ ይሰጣል። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ያለው የጥንት ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ስኮላ ካንቶሩም፣ የተመሠረተው በ1933 ነው፤ ሆላንድ፣ ሄግ ያለው የንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ።

የጥንት ሙዚቃ ኦርኬስትራዎች አብዛኞቹ የወር ደመወዝተኛ አይቀጥሩም። ለአንድ ዝግጅት ይጠሩሃል፣ ትለማመዳለህ፣ ትጫወታለህ፣ ይከፈልሃል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። የሠርግ ሥራ በለው። ይሄ ለሁሉም መሣሪያ ነው። የፍሉት ደግሞ ይብሳል። ቫዮሊን የሚጫወት ሁልጊዜ ይፈለጋል። ፍሉት የሚፈለገው አቀናባሪው ከጻፈለት ብቻ ነው። ፈረንጆች በየገናው የሚያሰሙት የሄንደል መሲሕ ውስጥ ፍሉት የለም። የቪቫልዲ አራቱ ወቅቶች ውስጥም የለም። አዳራሽ የሚሞሉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ፣ የትራቨርሶ ሰው በሁለቱም ቤቱ ነው የሚቀመጠው። በተቃራኒው ባህ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ተመሥርቶ የጻፈው የሕማማት ሥራ ሁለት ኦርኬስትራ ይጠይቃል፣ በያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፍሉት፣ በድምሩ አራት። እና የሚገርምህ፣ አንተ ጾም ሲገባ ዋሽንትህን ትሰቅላለህ፤ የትራቨርሶው ሰው ግን ሥራ የሚበዛለት ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ስለዚህ «በዚህ ብቻ ይኖራል» የተባለው ሰውዬ ምናልባት ሰኞ ያስተምራል፣ ረቡዕ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ይለማመዳል፣ በመሐል የድሮ የእጅ ጽሑፍ ኖታ ለአሳታሚ ያጸዳል። ሪከርደር የሚባለውን፣ ቀጥ ተደርጎ የሚነፋውን ፍሉትም ይጫወታል፤ ሁለቱን የሚችል ሰው ቶሎ ይጠራል። አንዳንዱ ደግሞ መሣሪያ ይሠራል፣ ይጠግናል። ጥሩ ሠሪ ዘንድ ወረፋ አለ። ልብ በል፣ ከተጫዋቹ ይልቅ የሠሪው ገቢ የተረጋጋ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይሄ ዛሬ የመጣ አይምሰልህ። የትራቨርሶ ተጫዋቾች ሁሉ አባት አድርገው የሚያዩት ዮሐን ዮአኪም ኳንትዝ በ1697 ጀርመን ገጠር ውስጥ ተወለደ። የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ ምን ይባል እንደነበር አንተም ታውቃለህ፤ አዝማሪውም ከዚያ ምላስ አላመለጠም። ኳንትዝ በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ። የከተማ ሙዚቀኛ የነበረ አጎቱ ዘንድ ተለማማጅ ገባ። አጎትየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ በቦታው የተተካው ሰው ልምምዱን አስጨረሰው። ቫዮሊን፣ ኦቦ (የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ ነው)፣ መለከት፣ እጁ የገባውን ሁሉ ተጫወተ። በ1718 የፖላንድና የሳክሶኒ ገዥ ባቋቋመው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ በኦቦ ተቀጠረ። ጥቂት እንደቆየ ግን በኦቦ ከፍ የሚልበት መንገድ እንደሌለ ገባው። ወደ ፍሉት ዞረ። ከአንድ ጎበዝ ፈረንሳዊ ዘንድ የተማረው ለአራት ወር ያህል ብቻ ነው።

በ1741 የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪሽ ወሰደው። ንጉሡ ራሱ ፍሉት ይወድ ነበር። ውሉን ተመልከት፤ በዓመት 2,000 ታለር ደመወዝ፣ ለሚጽፈው ሙዚቃ ለብቻ ክፍያ፣ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ፍሉት ደግሞ 100 ዱካት። ንጉሡን ያስተምራል፣ ያቀናብራል (የፍሉት ኮንሰርቶዎቹ ብቻ 300 ያህል ናቸው)፣ መሣሪያ ይሠራል። በ1752 ደግሞ ስለ ፍሉት አጨዋወት ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ይህን ሙያ የሚማር ሁሉ ያን መጽሐፍ ሳያነብ አያልፍም። ቤተ መንግሥት የገባ ሰው እንኳ በመንፋት ብቻ አልኖረም። ይሄን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ሙያው ከጥንቱም እንዲህ ነው፣ ተጫዋች፣ አስተማሪ፣ ሠሪ፣ አዋቂ አንድ ላይ። «እኔ መንፋት ብቻ ነው የምፈልገው» የሚል ልጅ ቢመጣብኝ ሌላ መንገድ ፈልግ እለዋለሁ።

አሁን ስለ በሬው። በእጅ የተሠራ ጥሩ ትራቨርሶ ከ1,500 እስከ 3,000 ዩሮ አካባቢ ያወጣል። በሬው ቀርቶ ጥማዱ ቢሸጥ ላይበቃ ይችላል። በዚያ ላይ አንድ አይበቃህም። ዛሬ ኪቦርዱም ጊታሩም የሚቃኘው «ላ» የምትባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ እንድትነዝር ተደርጎ ነው። ባሮክ የሚባለውን የባህን ዘመን ሙዚቃ የሚጫወቱ በ415 ይቃኛሉ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። የድሮ የፈረንሳይ ሙዚቃ ሲሆን 392፣ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። ለነሞዛርት ደግሞ 430 ይመርጣሉ። ለያንዳንዱ ሌላ ፍሉት ወይም የሚቀያየር መካከለኛ ክፍል ያስፈልጋል። ይሄ ላንተ አዲስ አይደለም። አንተም ለድምፃዊቷ አንድ ዋሽንት፣ ለድምፃዊው ሌላ ዋሽንት በከረጢት ይዘህ ነው የምትዞረው።

ነገሩን ለመቅመስ ከሆነ አውሎስ የሚባል የጃፓን ድርጅት የጥንቱን እንግሊዛዊ ሠሪ የስታንስቢን ፍሉት በፕላስቲክ ቀድቶ በ415 ይሠራል። ዋጋው ከእንጨቱ በብዙ ያንሳል። ፕላስቲክ ነው ብለህ አትናቀው፣ ብዙ ተማሪ የሚጀምረው በሱ ነው። ደግሞም ደብረ ብርሃን ላይ ከእንጨቱ ይሻልሃል። ለምን?

ብርዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ምን እንደሚያደርገን ታውቃለህ። የንፋስ መሣሪያ የሚቃኘው ውስጡ ባለው አየር ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በ5 ዲግሪ በሰከንድ 334 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ያህል። ይሄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በፍሉቱ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ እንዲህ ቢለወጥ ድምፁ ከግማሽ ድምፅ ግማሽ በላይ ይወርዳል። እርግጥ ትንፋሽህ ቱቦውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ግን ዋሽንትህ ወርዶ ከኪቦርዱ ጋር ሲጣላ ሰምተኸዋል። በዚያ ላይ የክራሩ ሽቦ በብርድ ስለሚኮማተር ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተራህ እስኪደርስ ዋሽንቱን ጋቢ ውስጥ ብብትህ ስር አቆየው፣ ከመድረክ በፊት ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አሳልፍበት።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ከፍታው ላይ ይጥላል። «አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» ይላሉ። አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው እንጂ በአየሩ መሳሳት አይደለም። ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ያው ዋሽንት ከፍ ብሎ የሚሰማህ ቆላው ስለሞቀ ነው።

ለእንጨት ፍሉት ብርዱ ከመቃኘትም በላይ ነው። ከውስጥ እርጥብና ሙቅ ትንፋሽ፣ ከውጭ ደረቅ ብርድ፤ እንጨቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ከውጭ ይኮማተራል፣ ከዚያ ጧ! ይሰነጠቃል። አዲስ ፍሉት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አይነፋም፤ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። ተነፍቶ ሲያበቃ ውስጡ በጨርቅ ይደርቃል፣ በየጊዜው ዘይት ይቀባል። ብዙዎች የለውዝ ዓይነት የሆነውን የአልሞንድ ዘይት ይመርጣሉ። የተልባ ዘይትም የቆየ ልማድ ነው፣ ተልባ ደግሞ በኛ ሰፈር ሞልቷል። ብቻ ቀብተህ ትርፉን ሙልጭ አድርገህ ጥረገው፤ ተልባ ሲደርቅ ሽፋን ይሠራል፣ ሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ሲከመር ድምፁን ያበላሻል።

የላክኸውን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት። ጆሮህ ጥሩ ነው። ትንፋሽህ ረጅም ነው። ከታች ያለውን ድምፅ በትንፋሽ ብቻ ገፍተህ ወደ ላይኛው ኦክታቭ የምትወስድበት መንገድ ንጹህ ነው፤ ያን ያህል እንዲለሰልስ የኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች ዓመት ይለፋሉ። አንቺሆዬውን ስትጫወት ጠባቦቹን ድምፆች በግማሽ ቀዳዳ የያዝክበት ነገር ደስ ብሎኛል። የጎደለህ ሁለት ነው። አንደኛው ኖታ ማንበብ። ይሄ ይለመዳል፣ አትፍራው።

ሁለተኛው ምላስህ ነው። ድምፅ ከድምፅ የምትለየው በጣትና በትንፋሽ ነው፣ ምላስህን አትጠቀምም ማለት ይቻላል። ለዋሽንት ያምራል። ትራቨርሶ ላይ ግን ንግግሩ ሁሉ ምላስ ላይ ነው። ኦተቴር ተማሪዎቹን «ቱ» እና «ሩ» እያሉ እንዲነፉ ያስተምራል። ኳንትዝ ደግሞ «ቲ»ና «ዲ»፣ ከዚያ «ቲሪ»፣ ለፈጣኑ «ዲድል» ይላል። «ሩ»ዋ በምላስ ጫፍ የምትነካ ናት፣ ልክ እንደኛ ር። የእንግሊዝ ልጆች እዚህ ላይ ምላሳቸው ይጠመዘዝባቸዋል፣ አንተ በነፃ አግኝተሃታል። ዛሬ ማታ በዋሽንትህ ሞክረው። አንድ ቀዳዳ ዝጋና በአንድ ድምፅ ላይ «ቱ፣ ቱሩ፣ ቱሩ፣ ቱ» በል። «ቱ»ዋ አጠር፣ «ሩ»ዋ ረዘም ትበል። ጠንካራው ምት ላይ የምታርፈው ለስላሳዋ «ሩ» ናት፤ መጀመሪያ ላይ የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ ሲለምድ ግን ዜማው መራመድ ይጀምራል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ዋሽንቴን ልተው ወይ ላልከው መልሴ አትተው ነው። ባህላችን እንዳይጠፋ ምናምን ብዬ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ስብከት እኔም ሰልችቶኛል። የሥራ ምክር ነው። ሄግ ሄደህ ትራቨርሶ ብትማር ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ ባህን ከተጫወቱ ልጆች ጋር ለዚያችው አንድ ወንበር ነው የምትሰለፈው። የመንዝን ዋሽንት እንደ ታሪካዊ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ፊት ግን ሰልፍ የለም።

«ታሪካዊ መሣሪያ» ስል አሮጌ ነው ማለቴ አይደለም። ኩይከንና ብሩገን ያደረጉትን አስብ። መሣሪያውን ለኩ፣ የተጻፈውን አነበቡ፣ እንዴት ይነፋ እንደነበር ጠየቁ፣ ከዚያ ተጫወቱ። እኛ ዘንድ የዋሽንት ኳንትዝ የለም፣ መጽሐፍ የለንም። ሰዎቹ ግን አሉ። አንተን ያስተማሩህ ሽማግሌ መጽሐፉ ናቸው።

አሁን ምሽት ቤቱ ውስጥ የምትነፋው ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ፣ ለኪቦርዱ የተስተካከለ ዋሽንት ነው። ለሥራ ጥሩ ነው፣ አትጣለው። ግን ኪቦርዱ 440 ላይ ተቸንክሯል፣ ድምፆቹም እኩል እኩል ተከፍለዋል። እረኛው የሸምበቆ ዋሽንት ሲሠራ ቀዳዳውን የሚለካው በራሱ ጣት ነው፣ የሚበሳውም በጋለ ብረት። የሁለት ሰው ዋሽንት አይገጥምም። ትዝታው የኪቦርዱ ትዝታ አይደለም፤ ሦስተኛዋ ድምፅ ወዲህ ወይም ወዲያ ፈቀቅ ትላለች። ፕላስቲኩ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ ፈቀቅታ ነው። የብረት ፍሉት ሲመጣ ትራቨርሶ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እነሱ መልሰው ለማግኘት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። አንተ ገና ሳይጠፋ ነው የምትደርሰው።

ከዋሽንት አለፍ ካልክ ደግሞ እምቢልታ አለ። ነገሥታቱ ሲነሱ «ነጋሪት እያስጎሰመ፣ እምቢልታና መለከት እያስነፋ» ሲባል ትሰማለህ። አንኮበርም የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። ሦስት ሰው ሦስት እምቢልታ ይዞ እየተቀባበለ ይነፋል፣ ዜማው ከሦስቱ መሐል ይወጣል። አንዱ ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንም። ትግራይ ውስጥ እስከ ዛሬ በሠርግና በበዓል አለ። እኛ ሰፈር ሐረጉ ነው አፋችን ላይ የቀረው። ጥንታዊ የንፋስ መሣሪያ እሠራለሁ ለሚል የሸዋ ልጅ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የት ይገኛል?

የሚደገፍበትም አለ። ግብፅ የተወለደው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ዋሽንቱን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጋር አንድ መድረክ ላይ አስቀመጠው። የቡድኑን ዋሽንተኛ ዮሐንስ አፈወርቅን ፈልገህ ስማ። ለንደን ባለው ሆርኒማን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች ኃላፊ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ አገራችንን ዞራ የቀዳችው ሙዚቃ በሸክላ ወጥቷል፣ እሱንም ስማ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሂድ፣ መሣሪያዎቹን በመስታወት ውስጥም ቢሆን አስተውላቸው።

ለትምህርት መጀመሪያ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን አስብ። ዋሽንት ዘንድ ብትገባም ኖታውንና ቲዎሪውን አጥብቀህ ያዝ፣ ከተቻለ የፈረንጁን ፍሉት ጎን ለጎን ጀምር። ከዚያ በኋላ ወደ ሄግ ወይም ባዝል ማመልከት ወግ አለው። ፈተናው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ክፍያው ስለሚበዛ ስኮላርሺፕ ሳትይዝ አትነሳ። «እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጋ። እስከዚያው እንጀራህ እዚሁ ነው፤ ሠርጉ፣ ምሽት ቤቱ። ደመወዝ ያለው ሥራ ከፈለግህ የቲያትር ቤቶችን የባህል ሙዚቃ ክፍልና የዞኑን የኪነት ቡድን ማስታወቂያ ተከታተል። ዋሽንት እየሠራህ መሸጥም ጀምር፣ ልኬቱ የተጻፈበት፣ በቅኝት የተለየ፣ በስብስብ የሚሸጥ። ውጭ አገር ያለው ዘመዳችን ይገዛል።

አጎትህን በሬውን ለእርሻ ያቆዩት በላቸው። መርዳት ከፈለጉ ካሊፐር (የውስጥና የውጭ ስፋት መለኪያ) ይግዙልህ፣ ለመጓጓዣም ይጨምሩልህ።

እና መሐል ሜዳ ሂድ። ሽማግሌው ዘንድ ያለውን የሸምበቆ ዋሽንት ሁሉ ለካ። ሙሉ ርዝመቱን፣ የውስጡን ስፋት በሁለቱም ጫፍ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከሚነፋበት አፍ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የቀዳዳውን ስፋት። ሸምበቆው ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ጠይቅ። ዘፈን ከመቅዳትህ በፊት ድምፆቹን አንድ በአንድ፣ ከሙሉ ዝግ እስከ ሙሉ ክፍት ያስሙህ። ቅኝቱን በራሳቸው አጠራር ይጥሩት፤ «ይሄ ባቲ ነው አይደል?» እያልክ አፋቸው ላይ አታስገባ። አሮጌ ዋሽንት ከሰጡህ ዘይት አትቀባው፣ ቀዳዳውንም አታስፋ። ሙዚየሞች የጥንት ፍሉቶችን እንደሚያደርጉት ዋናውን አስቀምጠህ ቅጂውን ሠርተህ ተጫወት። ልኬቱንና የቀዳኸውን ድምፅ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ብቻ የቀዳህበትን ሰዓትና የአየሩን ሙቀት ከጎኑ ጻፍበት፤ ያለዚያ የጠዋት የመንዝ ዋሽንት ከቀትሩ ጋር ሲወዳደር ሌላ መሣሪያ ይመስለናል።